የሚስዮን ሐኪም ታሪክ ስትጽፉ ገድል እንዳይሆንባችሁ

"እስቲ አንዴ እየው" ተብሎ የሚላክልኝ ጽሑፍ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ዶክተሩ በልጅነቱ ጥሪ ሰማ። የሞቀ ኑሮውን ትቶ ባሕር ተሻገረ። ሺዎችን ፈወሰ። ከዚያ ታሞ ወይም ተገድሎ ሞተ። አለቀ። የዶክተሩን ስም አውጥታችሁ የሌላ ሰው ስም ብትተኩበት ማንም አይነቃባችሁም። ገድል እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ገድል ደግሞ የራሱ ክብርና ቦታ አለው፣ አልጠላውም። ግን ያ ሰው ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራ እንደነበር፣ የኦፕራሲዮን ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ ቁስሉን ያጠበው ማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ስለሄዱ ባፕቲስት (ከፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች አንዱ ክፍል) ሐኪሞች ለመጻፍ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ የምሄድበትን መንገድ ላሳያችሁ። ለመጽሔትም ይሁን ለገጻችሁ ያው ነው። ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እናንተም አንዱን መርጣችሁ መጀመሪያ ላይ ተናገሩ፤ መሃል ላይ ከቀላቀላችሁ ሰውዬው ከመወለዱ በፊት ሲመረቅ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ፦ የትኛው ባፕቲስት?

ባፕቲስት ሲባል አንድ ዋና መሥሪያ ቤት፣ አንድ ጳጳስ፣ አንድ መዝገብ ቤት ያለ ይመስላል። የለም። እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል። ሰው ወደ ሩቅ አገር መላክ ግን ለአንድ አጥቢያ ይከብዳል፣ ስለዚህ ማኅበር ያቋቁማሉ። የእንግሊዞቹ ማኅበር በ1792 ኬተሪንግ በምትባል ከተማ ተመሠረተ፤ ጥቂት ሰዎች አንድ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ለመስጠት ቃል ገቡ። ቃል የገቡበትን ብጣሽ ወረቀት የሰበሰቡት በሱረት ዕቃ ውስጥ ነው። እኔ ይቺን የሱረት ዕቃ በጣም ነው የምወዳት።

አሜሪካኖቹ ደግሞ በ1845 ለሁለት ተከፈሉ። የጠቡ መነሻ ባርነት ነው፤ ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ይላክ አይላክ በሚለው አልተስማሙም። ደቡቦቹ ተገንጥለው የራሳቸውን የውጭ ሚስዮን ቦርድ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ላይ አቋቋሙ። በኋላ ቻይና፣ ናይጄሪያና የመን ውስጥ ሆስፒታል ያንቀሳቀሰው ይኸው ቦርድ ነው። ይህን አትዝለሉት። የሚያሳፍር መነሻ ያለው ድርጅት በኋላ ጥሩ ሥራ ሊሠራ ይችላል፣ አንባቢም ሁለቱን አብሮ መያዝ አያቅተውም።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ደብዳቤዎቹ ያሉበትን ቦታ የሚነግራችሁ ይኸው ነው። ቻይና የሠራው ቢል ዋላስ የደቡቦቹ ነው፤ ወረቀቱን ሪችመንድና ናሽቪል ፈልጉ። ቡርማ የኖረው ጎርደን ሲግሬቭ የሰሜኖቹ ነው፤ የእነሱ የታሪክ ማኅበር አትላንታ ይገኛል። ኮንጎ ያገለገለው ክሌመንት ቼስተርማን የእንግሊዞቹ ነው፤ የእነሱ መዝገብ ኦክስፎርድ፣ ሪጀንትስ ፓርክ ኮሌጅ ውስጥ ነው። አንድ ወዳጄ የሲግሬቭን ደብዳቤ ናሽቪል ሲጠይቅ ወራት ጨርሷል።

የቦታ ስምም ያው ጣጣ አለው። ቡርማ ዛሬ ሚያንማር ነው። የኮንጎዋ ስታንሊቪል ኪሳንጋኒ ሆኗል። ናይጄሪያ ኦግቦሞሾ ውስጥ ዶ/ር ጆርጅ ግሪን በ1907 ሥራ የጀመረበት የባፕቲስት ሆስፒታል አሁን የቦወን ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በአሮጌውም በአዲሱም ስም ካልፈለጋችሁ ግማሹ ታሪክ ያመልጣችኋል።

አንድ ቀን ምረጡ

ሙሉ ሕይወቱን ከልደት እስከ ሞት ለመጻፍ አትነሱ። አንድ ቀን ፈልጉ። ያ ቀን ዶክተሩን፣ ታካሚውን፣ ዕቃውን፣ አየሩን አንድ ላይ ይዞ የሚገኝ ይሁን።

ለምሳሌ በ1800፣ ኖቬምበር ውስጥ የሆነች ነገር አለች። ቦታው ቤንጋል፣ ሁግሊ ወንዝ ዳር፣ ሴራምፖር። ክሪሽና ፓል የሚባል አናጺ ሊታጠብ ወደ ወንዙ ሲወርድ ደረጃው ላይ አዳልጦት ይወድቅና ትከሻው ይወልቃል። ፈረንጆቹ ዘንድ ሐኪም አለ ሲባል ሰምቶ ኖሮ ይልክባቸዋል። የሚመጣው ጆን ቶማስ ነው። በፊት በኢስት ኢንዲያ ኩባንያ መርከብ ላይ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ከታዋቂው ሚስዮናዊ ከዊልያም ኬሪ ጋር በ1793 ሕንድ የገባው እሱ ነው። ቶማስ አናጺውን ዛፍ ላይ ያስረዋል። ከዚያ ጓደኞቹ እያገዙት ክንዱን ስቦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ዛፉን ልብ በሉ። አብዛኛው ጸሐፊ "ቶማስ ትከሻውን አከመው" ብሎ ያልፋል። ዛፉ ግን እዚያ የቆመው በምክንያት ነው። ትከሻ ሲወልቅ ዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተርና አጥንቱን ቆልፎ ይይዛል። እጁን ብትስቡት ሰውየው ሙሉ ለሙሉ አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ አካሉን ባለበት የሚያስቀር ነገር ያስፈልጋል። ማደንዘዣ የለም። ኤተር ለኦፕራሲዮን በይፋ የታየው በ1846 ነው። ወጌሻ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይቺን ትዕይንት ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ክሪሽና ፓል በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 እዚያው ወንዝ ውስጥ ተጠመቀ። ሚስዮናውያኑ ለዓመታት የጠበቁት የመጀመሪያ ሰው ነበር። እና ቶማስ? ቶማስ በደስታ ብዛት አእምሮው ተነካ። በጥምቀቱ ቀን ጤነኛ አልነበረም፣ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ደግሞ ዕዳ ያለበት ሰው ነበር፤ የሄደበት ሁሉ አበዳሪ ይከተለዋል።

እዚህ ላይ ነው እጃችሁ የሚንቀጠቀጠው። "ዕዳውን ልተወው? እብደቱንስ?" አትተዉት። ይህ ሰው ተበዳሪም፣ ጎበዝ ቀዶ ሐኪምም፣ የሚታመምም ነበር። ዕዳውን ካወጣችሁት ዛፉ ብቻውን ይቀራል።

ዕቃውና ሰዎቹ

ሁለተኛው ሥራችሁ መጠየቅ ነው፤ ጥያቄዎቹም ተራ ይሁኑ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ማን ነበር? ጓንት ታጥቦ ዳግም ይደረግ ነበር? ጀነሬተር ሲጠፋ ምን ያበሩ ነበር? ካርድ ክፍል የሚቀመጠው ማን ነው? አስታማሚዎቹ የት ያድራሉ፣ ምን ይበላሉ? ቋንቋውን የት ተማረ? (ብዙ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚሰጣቸው ሥራ ሕክምና ሳይሆን ቋንቋ ነው። ትናንት ሰው ይቀድ የነበረ ሐኪም ዛሬ እንደ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል። ስለዚህ ጊዜ የጻፈውን ደብዳቤ ካገኛችሁ ወርቅ አገኛችሁ።)

ሲግሬቭ በ1922 ቻይና ድንበር አጠገብ ወዳለችው ናምካም ሲሄድ ይዞት የሄደው ዕቃ፣ ከተማረበት ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የተጣሉ፣ ጫፋቸው የተሰበረና የዛጉ መሣሪያዎች ነበሩ። ቅርጫት ሙሉ ቆሻሻ ማለት ይቻላል። ለዓመታት በእነሱ ኦፕራሲዮን ሠራ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ካስገባችሁ "በከፍተኛ የግብአት እጥረት ውስጥ" የሚል የሪፖርት ቋንቋ አያስፈልጋችሁም።

ግን ሲግሬቭ ብቻውን አልነበረም። አብረውት የሠሩት እሱ ራሱ ያሠለጠናቸው የካረን፣ የካቺንና የሻን ብሔረሰብ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ የማታውቅበት ጊዜ ነበር። በ1942 ጃፓኖች ቡርማን ሲይዙ ከአሜሪካዊው ጄኔራል ስቲልዌል ጋር በእግራቸው እስከ ሕንድ ተጉዘዋል፤ እየተጓዙ ወታደሮቹን ያስታምሙ ነበር። የአሜሪካ ጋዜጦች ስለ ዶክተሩ ብዙ ጻፉ። የነርሶቹን ስም ለማግኘት ግን ቆፈር ቆፈር ማድረግ አለባችሁ። ቆፍሩ። ስም ካላገኛችሁ ቢያንስ ቁጥራቸውን፣ ሥራቸውን፣ ከየት እንደመጡ ጻፉ። "ረዳቶቹ" ብቻ ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ ነው የማውቀው። ስለ አንድ ሆስፒታል የጻፍኩትን ያነበቡ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ደውለው "ልጄ፣ ዶክተሩ ሌሊት ሌሊት ይተኛ ነበር እኮ" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም።

የሕክምና ሚስዮናዊ ማለት ሐኪም ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመን፣ ጂብላ ውስጥ የነበረውን የባፕቲስት ሆስፒታል ውሰዱ። በዲሴምበር 30 ቀን 2002 አንድ ታጣቂ ገብቶ ሦስት አሜሪካውያን ገደለ። ከሦስቱ ሐኪም የነበረችው አንዷ፣ ዶ/ር ማርታ ማየርስ ናት። ዊልያም ኮን አስተዳዳሪ ነበር። ካትሊን ጋሪቲ ዕቃ ግዥ ላይ ነበረች። አራተኛው፣ ቆስሎ የተረፈው፣ ፋርማሲስት ነው። ስለዚህ የሆስፒታል ታሪክ ስትጽፉ መድኃኒቱን ጉምሩክ ደጃፍ ቆሞ የሚያስወጣውንም ፈልጉ። ያ ሰው አንድ ሳምንት ካልመጣ ዶክተሩ ባዶ እጁን ነው።

ገንዘቡና ደብዳቤው

ስለ ገንዘብ መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ደብዳቤዎቹን ለማንበብ ቁልፉ ገንዘቡ ነው።

የደቡብ ባፕቲስት ሚስዮናውያን ደሞዝ የሚከፈላቸው ከአብያተ ክርስቲያናት ከሚሰበሰብ የጋራ ቋት ነው። የገና መዋጮው በሎቲ ሙን ስም ይጠራል፤ እሷ ሐኪም አልነበረችም፣ ቻይና ውስጥ አስተማሪና ወንጌላዊት ነበረች፣ እርዳታ ላኩልኝ ብላ ጎትጉታ በ1888 ሴቶቹ 3,315 ዶላር አዋጡ። በሌሎች ማኅበራት ደግሞ እያንዳንዱ ሚስዮናዊ የራሱን ድጋፍ ራሱ ይሰበስባል። ባንግላዴሽ፣ ማሉምጋት ውስጥ በ1966 የተከፈተው፣ ዶ/ር ቪጎ ኦልሰን የሠራበት ሆስፒታል እንዲህ ያለ ማኅበር ነው ያቆመው። የራሱን ድጋፍ የሚሰበስብ ሐኪም ለእረፍት አገሩ ሲመለስ አያርፍም። ከአጥቢያ አጥቢያ እየዞረ ፎቶ ያሳያል፣ ይናገራል፣ ያመሰግናል።

እንግዲህ ያ ሐኪም የሚጽፈው የጸሎት ደብዳቤ ለማን ነው? ለሚሰጡት ሰዎች ነው። ይዋሻል ማለቴ አይደለም። ግን የሞተችበትን እናት በአንድ መስመር ያልፍና የዳነውን ልጅ በአንድ ገጽ ይጽፋል። እናንተም ብትሆኑ ያው ነው። ስለዚህ ያንን ደብዳቤ ብቻውን አትመኑት። ለእናቱ ወይም ለወንድሙ የጻፈውን፣ የሆስፒታሉን ዓመታዊ ሪፖርት፣ ከተገኘም የሚስቱን ማስታወሻ አጠገቡ አስቀምጡ። ሚስቲቱ ብዙ ጊዜ ራሷ ነርስ ናት፤ እሷ የጻፈችው ውስጥ ወባ አለ፣ የልጆቹ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፣ ለቅሶ አለ።

ቁጥርም እንዲሁ። ሪፖርቱ "40,000 ታካሚ" ካለ፣ ሰው ነው የተቆጠረው ወይስ ካርድ? አንዲት ሴት አምስት ጊዜ ብትመለስ አምስት ሆና ልትቆጠር ትችላለች። ካላወቃችሁ "በዓመቱ መዝገብ ላይ ይህን ያህል ጉብኝት ሰፍሯል" ማለት ይበቃል። "ሺዎችን ፈወሰ" አትበሉ። ማንም ቆጥሮ አያውቅም።

በሽታውን ራሱን እወቁት

በኔ ግምት አብዛኛው ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው ሰውየው በምን እንደታገለ አያውቅም።

ቼስተርማን በ1920 ያኩሱ ሲደርስ ኮንጎ ወንዝ ዳር ያሉ መንደሮችን የሚጨርሰው የእንቅልፍ በሽታ ነበር። ጼጼ ዝንብ ነክሳ ተሐዋሲውን ታስገባለች። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ቀጥሎ አንገት ላይ የሚያብጥ ንፍፊት ይመጣል። ካልታከመ ተሐዋሲው አንጎል ይገባል፤ ሰውየው ቀን እያንቀላፋ፣ ጠባዩ እየተለወጠ፣ እየከሳ ይሞታል። ትሪፓርሳማይድ የሚባል አርሴኒክ ያለበት አዲስ መድኃኒት መጣ። ጥሩ ጎኑ አንጎል ለደረሰው በሽታም መሥራቱ ነው። መጥፎ ጎኑ ዓይን ያጠፋል። እንግዲህ አስቡት፤ መርፌውን ካልወጋችሁት ይሞታል፣ ከወጋችሁት ሊታወር ይችላል። ይህን ያወቀ አንባቢ "ቼስተርማን የእንቅልፍ በሽታን ተዋጋ" ከሚለው ያነበበ ሰው ጋር እኩል አይደለም። ሥራው ደግሞ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ የሚያልቅ አልነበረም። መንደር ለመንደር ሰው ማሰለፍ፣ አንገት መዳሰስ፣ ደም ማየት ነው። ያንን የሚሠሩት ያሠለጠኗቸው ኮንጎዋውያን አስታማሚዎች ናቸው። በኋላ እዚያው ቦታ የመጣው ስታንሊ ብራውንም በስጋ ደዌ ላይ ሲሠራ መንገዱ ይኸው ነበር።

ዶ/ር ዳንኤል ፋውንቴን ከ1961 እስከ 1996 ኮንጎ፣ ቫንጋ ሠራ። ሆስፒታል ውስጥ ታክሞ የወጣ ልጅ በዚያው ትል፣ በዚያው ተቅማጥ ሲመለስ ማየት ማንንም ያስመርራል። እሱ ወደ ምንጭ ውኃው፣ ወደ ሽንት ቤቱ፣ ወደ ክትባቱ ሄደ፤ በዙሪያው ጤና ጣቢያ እየተከፈተ ነርሶች ተመደቡበት። እንዲህ ያለ ሥራ ለመጻፍ ይከብዳል። ቢላዋ የለበትም፣ ደም የለበትም። ግን ስለ ኦፕራሲዮኑ ሦስት ገጽ ጽፋችሁ ስለ ሽንት ቤቱ አንድ መስመር ከሰጣችሁት፣ ሰውየውን ከሥራው ነጥላችሁታል።

አጨቃጫቂው ሞት

ቢል ዋላስ የኖክስቪል፣ ቴነሲ ልጅ ነው። በ1925፣ በ17 ዓመቱ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲነካካ ሳለ ነው የሕክምና ሚስዮናዊ ለመሆን የወሰነው። በ1935 ደቡብ ቻይና፣ ዉዦ ከተማ ገባ። ስታውት መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ሠራ፤ በ1944 ጃፓኖች ሲቃረቡ ሆስፒታሉን ከነሠራተኛው ጀልባ ላይ ጭኖ ሸሸ። ኮሚኒስቶቹ ከገቡ በኋላ በዲሴምበር 1950 በሰላይነት ተከሶ ተያዘ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1951 እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

እንዴት ሞተ? ባለሥልጣናቱ ራሱን ሰቀለ አሉ። አስከሬኑን ያየችው የሥራ ባልደረባው የነበረች አሜሪካዊት ነርስ፣ ያየችው የተሰቀለ ሰው ምልክት ሳይሆን የተደበደበ ሰው ገላ እንደሆነ መሰከረች። እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፉ ሁለቱንም ከነተናጋሪው አስቀምጡ። ማን አለ፣ መቼ አለ፣ ምን አይቶ ነው ያለው። እሱ መጨረሻ ሰዓት ላይ ምን አስቦ እንደነበር ግን አትፍጠሩ። ብቻውን ነበር፣ ማንም አልሰማውም። ስንት ጽሑፍ ነው በሞተ ሰው አፍ ጸሎት አስገብቶ የሚጨርሰው!

የሲግሬቭም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በ1950 አዲሲቱ ቡርማ አማፂዎችን ረድተሃል ብላ አሰረችው፣ ተፈረደበት፣ ይግባኝ ብሎ በ1951 ነፃ ወጣ። ተመልሶ ናምካም ሄዶ እስከ 1965 እዚያው ሠርቶ እዚያው ሞተ። ክሱን አትደብቁ። ክሱ ከየት እንደመጣ አስረዱ፤ ነፃነቷን ገና ያገኘች አገር ነበረች፣ እሱም የኖረው አማፂዎቹ በወጡባቸው በካረንና በካቺን መካከል ነው።

ሰዎቹ በሕይወት ካሉስ?

አጭሩ መልስ፦ ጠይቁ። አንዳንዶቹ ስማቸው ሲወጣ ቪዛቸው የሚሰረዝበት፣ የሚያክሟቸው ሰዎች ደግሞ ችግር ላይ የሚወድቁበት አገር ነው ያሉት። ያለ ፈቃድ ስም፣ ከተማ፣ የልጆች ፎቶ አታውጡ። የታካሚ ፎቶማ ጭራሽ። የድሮ መጽሔት ላይ የታተመ የስጋ ደዌ ሕመምተኛ ፎቶ ብታገኙ እንኳ "ይህ ሰው ልጅ ልጅ ይኖረው ይሆን?" ብላችሁ አስቡ።

የመጨረሻው ሥራ

ታሪኩን ዶክተሩ መቃብር ላይ አትጨርሱት። ሕንፃው አሁን ምን እንደሆነ እዩ። ተረካቢው ማን ነው? መንግሥት? የአገሩ ቤተ ክርስቲያን? ዩኒቨርሲቲ? ወይስ ፍርስራሽ? ጂብላ ላይ ኮንና ማየርስ የተቀበሩት ሲሠሩበት የኖሩት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው።

ከቻላችሁ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ቦታውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቁ። ጋዛ ከተማ ውስጥ አል አህሊ አል ዓረቢ የሚባል ሆስፒታል አለ፤ በኦክቶበር 2023 በደረሰበት ፍንዳታ ስሙን ዓለም ሁሉ ሰማ። በ1882 የጀመሩት አንግሊካኖች ናቸው፣ ዛሬም በእነሱ ሥር ነው። የደቡብ ባፕቲስቶች ያስተዳደሩት ከ1954 እስከ 1982 ብቻ ነው። ከወጡ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነ። የጋዛ ሰው ግን እስከ ዛሬ "አል መዕመዳኒ" ነው የሚለው። ባፕቲስቱ ማለት ነው።